ቡናማ ድንኮችን በሙቀታቸው ማንበብ፦ ከላፕቶፕ የሚጀምር ዝርዝር መመሪያ

የጋለ ምጣድ አይቀላም፣ አያበራም። እጃችሁን ጠጋ ስታደርጉ ግን መጋሉን ታውቃላችሁ። ቡናማ ድንክ የሚባለው የሰማይ አካልም እንደዚያ ነው። ለዓይን የሚታይ ብርሃኑ ኢምንት ነው። ሙቀቱን ግን በኢንፍራሬድ፣ ማለትም ዓይን በማያየው ረጅም ሞገድ፣ ያለማቋረጥ ወደ ውጭ ይለቃል። ከባቢ አየሩ ከምን እንደተሠራ፣ ደመና ይኑረው አይኑረው፣ የቱ ንብርብር ምን ያህል እንደሚሞቅ የምናውቀው ከዚያ ሙቀት ነው።

ይህን መመሪያ የጻፍኩት ትንሽ ፊዚክስ ለተማረና ፓይተን ለነካካ ሰው ነው። የራሳችሁ ቴሌስኮፕ አያስፈልጋችሁም። ላፕቶፕ፣ መጠነኛ ኢንተርኔትና ትዕግሥት ይበቃል። ዳታው ለማንም ክፍት ሆኖ ተቀምጧል።

ከመጀመራችን በፊት አቋሜን ልናገር። ጀማሪ ብዙ ጊዜ ዳታውን እንዳወረደ ከሞዴል፣ ማለትም በኮምፒውተር ከተሰላ የከባቢ አየር ግምት፣ ጋር ወደ ማዛመድ ይሮጣል። ኮምፒውተሩ ሙቀቱ 750 ኬልቪን ነው ይለዋል። እሱም ጨረስኩ ብሎ ይዘጋል። በዚህ መንገድ ስለ ከባቢ አየሩ ምንም አይማርም። ቡናማ ድንክ አንድ ሙቀት ብቻ የለውም። እያንዳንዱ የሞገድ ርዝመት ከተለያየ ጥልቀት ስለሚመጣ፣ እያንዳንዱ የራሱን ሙቀት ይናገራል። መጀመሪያ ይህንን በዓይናችሁና በእጃችሁ ስሌት ማየት አለባችሁ። ስለዚህ እዚህ ሞዴል የሚመጣው ወደ መጨረሻው ነው።

የምናየው ነገር ምንድን ነው?

ቡናማ ድንክ ከፕላኔት የገዘፈ፣ ከኮከብ ያነሰ ነው። ክብደቱ ከጁፒተር 13 እጥፍ ገደማ ይጀምርና እስከ 75 እጥፍ አካባቢ ይደርሳል። እንደ ኮከብ ከጋዝ ተሰብስቦ ይወለዳል። ነገር ግን መሃሉ ላይ ሃይድሮጂንን እያዋሃደ ለዘለቄታው መንደድ አይችልም። ስለዚህ ዕድሜውን ሙሉ እየቀዘቀዘ ይሄዳል። ከምድጃ እንደወጣ ፍም ማለት ነው። የሚገርመው መጠኑ ነው። ክብደታቸው ቢለያይም ሁሉም ስፋታቸው ከጁፒተር ጋር ይቀራረባል። ይህንን ያዙት፣ በኋላ በጣም ይጠቅመናል።

ሺቭ ኩማር የተባለ ተመራማሪ በ1960ዎቹ መጀመሪያ መኖር እንዳለባቸው በስሌት አሳየ። ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው። በ1975 ጂል ታርተር ቡናማ ድንክ የሚለውን ስም አወጣችላቸው። በእርግጥ የተገኙት ግን በ1995 ነው። በዚያ ዓመት ቴይዴ 1 እና ግሊዝ 229ቢ ይፋ ሆኑ። የግሊዝ 229ቢ ስፔክትረም፣ ማለትም በየሞገድ ርዝመቱ የተዘረጋ ብርሃኑ፣ ውስጥ ሜቴን ታየ። ሜቴን የኮከብን ሙቀት አይቋቋምም፣ ይበታተናል። በጁፒተር ከባቢ አየር ውስጥ ግን ሞልቷል። ስለዚህ ይህ ነገር ኮከብ ሊሆን አይችልም። ጉዳዩን የዘጋው የኢንፍራሬድ ስፔክትረም ነበር።

በሙቀታቸው ይመደባሉ። ኤል የሚባሉት በግምት ከ2,200 እስከ 1,300 ኬልቪን ናቸው። ቲ የሚባሉት ከ1,300 እስከ 500 ገደማ ይወርዳሉ። ከዚያ በታች ያሉት ዋይ ናቸው። ኬቪን ሉማን በ2014 ያስተዋወቀው ዋይዝ 0855 ከ300 ኬልቪን በታች ነው። የአዲስ አበባ ቀትር እንኳ ከእሱ የሚሞቅ ይመስለኛል።

ለምን ኢንፍራሬድ? 2,898ን ለኬልቪን ሙቀቱ አካፍሉ። መልሱ አካሉ በብዛት የሚያበራበትን የሞገድ ርዝመት በማይክሮን፣ ማለትም በሚሊሜትር አንድ ሺህኛ፣ ይሰጣችኋል። ለ1,450 ኬልቪን 2 ማይክሮን ይመጣል። ለ290 ኬልቪን 10 ማይክሮን። የእኛ ዓይን ከ0.7 ማይክሮን በላይ ብዙም አያይም። ይህ ቀመር ግን መነሻ ብቻ ነው። በቡናማ ድንክ ላይ ጋዞቹ ብርሃኑን እየቆረጡ ስለሚያስቀሩት፣ ጉብታው ቀመሩ ካለው ቦታ ይሸሻል።

1. ሦስት ዒላማ ምረጡ እንጂ አንድ አትምረጡ

አንድ ስፔክትረም ለብቻው አይናገርም። ጎን ለጎን ሲቀመጥ ነው የሚናገረው። ለመጀመሪያ ሥራ እነዚህን ሦስት እመክራለሁ፦ ቱማስ 1507−1627 ኤል5 ነው፤ ኤስዲኤስኤስ 1254−0122 ቲ2 ነው፤ ቱማስ 0415−0935 ደግሞ ቲ8 ነው። ቱማስ (2MASS) እና ኤስዲኤስኤስ (SDSS) የሰማይ ቅኝቶች ስም ናቸው። ከምድቡ ፊደል ቀጥሎ ያለው ቁጥር ሲጨምር ድንኩ ይቀዘቅዛል። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ሌሎች ቲ ድንኮች የሚመደቡባቸው መለኪያዎች ናቸው። ሦስቱም ቅርብ ናቸው፣ ርቀታቸውም በደንብ ተለክቷል።

ርቀት የሌለው ዒላማ አትንኩ። ያለ ርቀት የምታዩት ቅርጽ ብቻ ነው። ርቀት ሲኖር ግን ብርሃኑን ወደ ሙቀት መቀየር ትችላላችሁ።

በቀሪው ጽሑፍ ቱማስ 0415ን እንደ ዋና ምሳሌ እጠቀማለሁ። ከእኛ 18.6 የብርሃን ዓመት ገደማ ይርቃል። በኤሪዳነስ ኅብረ ከዋክብት ውስጥ ነው። በኅዳር አጋማሽ እኩለ ሌሊት ላይ ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ ከፍ አድርጋችሁ ብታዩ፣ ከአድማሱ 71 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ እዚያ አለ። በዓይን አይታይም። እኔ ግን የምሠራበት ዳታ ከየት እንደመጣ ማየት ስለምወድ አንገቴን ቀና አደርጋለሁ።

2. ዳታውን አውርዱ

ለጀማሪ የሚሻለው የስፔክስ ፕሪዝም ቤተ መዛግብት ነው። ስፔክስ በሃዋይ ማውና ኬያ ተራራ ላይ ባለው የ3 ሜትር የናሳ ኢንፍራሬድ ቴሌስኮፕ ላይ የተገጠመ መሣሪያ ነው። የፕሪዝም ስፔክትረሞቹ ከ0.8 እስከ 2.5 ማይክሮን ይሸፍናሉ። ቤተ መዛግብቱን ያሰባሰበው አዳም በርጋሰር ነው። ስፕላት የሚባል የፓይተን መሣሪያም አብሮት አለ። ፋይሎቹ በጣም ትንንሽ ናቸው። በሞባይል ዳታ እንኳ በደቂቃ ይወርዳሉ።

ከ2.5 ማይክሮን ወዲያ ለማየት ጄምስ ዌብ የተባለው የጠፈር ቴሌስኮፕ ያስፈልጋል። የጄምስ ዌብ ዳታ ማስት በሚባለው ማህደር ውስጥ ይገኛል። ኒርስፔክ የተባለው መሣሪያ ከ0.6 እስከ 5.3 ማይክሮን ያያል። ሚሪ ደግሞ ከ5 እስከ 28 ገደማ ያያል። ብዙ ዳታ ለአንድ ዓመት ለባለቤቶቹ ብቻ ሊያዝ ይችላል። ከዚያ ለሁሉም ይለቀቃል።

እዚህ አንድ የገንዘብ ምክር አለኝ። ማህደሩ ውስጥ ጥሬው ፋይልም የተጣራውም አለ። ጥሬው ጊጋባይት ይበላል። እናንተ ኤክስ1ዲ (x1d) የሚል ቅጥያ ያለውን ብቻ ምረጡ። እሱ ተጣርቶ ያለቀ፣ በአንድ መስመር የወጣ ስፔክትረም ነው። መጠኑም ጥቂት ነው። ጥሬውን ራሳችሁ ማጣራት የምትማሩበት ጊዜ ይመጣል፣ ዛሬ ግን አይደለም።

የመጀመሪያው የጄምስ ዌብ ልምምዳችሁ ቪኤችኤስ 1256ቢ ቢሆን ደስ ይለኛል። ፕሮግራም ቁጥር 1386 ብላችሁ ፈልጉ። ከጅምሩ ለሁሉም ክፍት ሆኖ የተወሰደ ዳታ ነው። ስፔክትረሙ ከ1 እስከ 20 ማይክሮን ድረስ ይዘልቃል። በ2023 የወጣው ጥናት ውስጥ ውሃ፣ ሜቴን፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድና የሲሊኬት ደመና በአንድ ላይ ታይተውበታል።

3. ምድር ላይ ሆኖ የተለካ ዳታ እንዴት እንደተሠራ እወቁ

ቴሌስኮፑ ጋ ባትሄዱም ይህንን ማወቅ አለባችሁ። አለበለዚያ የምድርን አየር የድንኩ አየር ነው ብላችሁ ትጽፋላችሁ።

በኢንፍራሬድ ሰማዩ ራሱ ያበራል። ቴሌስኮፑም ይሞቃል። ስለዚህ ተመልካቹ ዒላማውን በመሣሪያው ስንጥቅ ላይ አንድ ቦታ ያስቀምጠዋል፣ ይለካል። ከዚያ ትንሽ ያንሸራትተውና እንደገና ይለካል። ሁለቱን ሲቀናንስ የሰማዩ ብርሃን ይጠፋል፣ የዒላማው ይቀራል።

ሁለተኛው ችግር የምድር የውሃ ተን ነው። በ1.4 እና በ1.9 ማይክሮን አካባቢ ብርሃኑን ውጦ ያስቀረዋል። ማውና ኬያ 4,200 ሜትር ላይ የተመረጠበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፣ ከተኑ በላይ ለመሆን። ቀሪውን ለማስተካከል ከዒላማው አጠገብ ኤ0 የሚባል ዓይነት ኮከብ ይለካል። የዚህ ኮከብ ስፔክትረም ከሃይድሮጂን መስመሮች በቀር ለስላሳ ነው። ስለዚህ በእሱ ላይ የሚታየው ሌላው ጉድጓድ ሁሉ የምድር ነው። ዒላማውን በእሱ ስታካፍሉ የምድር አየር ይወጣል።

ይህ ማስተካከያ ፍጹም አይደለም። ከ1.35 እስከ 1.45 እና ከ1.8 እስከ 1.95 ማይክሮን ያለውን ቦታ በግራፋችሁ ላይ ግራጫ ቀቡት። እዚያ ላይ የተመሠረተ ድምዳሜ አትጻፉ። ቡናማ ድንኩም ውሃ ስላለው በዚያው ቦታ ጉድጓድ ይኖረዋል። ሁለቱን ውሃዎች መለየት ከባድ ነው። ከጠፈር የተወሰደ ዳታ ላይ ይህ ችግር የለም።

4. መለኪያውን አስተካክሉ፣ እዚህ ላይ አትቸኩሉ

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ነው። የስፔክስ ቤተ መዛግብት ፋይሎች በአብዛኛው ቅርጻቸው እንጂ ትክክለኛ ብርሃናቸው አልተቀመጠም። የጄምስ ዌብ ፋይል ደግሞ በጃንስኪ፣ ሌላ የብርሃን መጠን መለኪያ፣ ነው። ሁለቱን በአንድ ግራፍ ላይ ዝም ብላችሁ ብትሥሉ ስፔክትረሙ ያዘነብላል። እኔ አንድ ጊዜ ይህንን ሳላይ ሁለት ሳምንት ሠርቻለሁ። ያዘነበለውን ቅርጽ ደመና ነው ብዬ አምኜ ነበር።

ጃንስኪን ወደ ዋት በካሬ ሜትር በማይክሮን ለመቀየር ቁጥሩን በ3 አባዙ። ለሞገድ ርዝመቱ ካሬ አካፍሉ። ውጤቱን ለአንድ ትሪሊዮን አካፍሉ። ወይም አስትሮፓይ የተባለው የፓይተን መሣሪያ ይሥራላችሁ። ግን አንድ ነጥብ በእጃችሁ ሠርታችሁ አመሳክሩ።

ለስፔክስ ፋይል ደግሞ የታወቀ የጄ ባንድ (በ1.25 ማይክሮን አካባቢ ያለው የሞገድ ክልል) ብሩህነት ትወስዳላችሁ። ስፔክትረሙን በጄ ማጣሪያው ውስጥ አሳልፋችሁ አማካዩን ታሰላላችሁ። ከዚያ ከታወቀው ጋር እስኪገጥም በአንድ ቁጥር ታባዙታላችሁ። ወጥመዱ ማጣሪያው ላይ ነው። ቱማስ የተጠቀመበት የጄ ማጣሪያና በማውና ኬያ የተለመደው የጄ ማጣሪያ አንድ አይደሉም። ለተራ ኮከብ ልዩነቱ ትንሽ ነው። ለቲ8 ግን 0.3 ማግኒቲዩድ (የሰማይ አካላት ብሩህነት መለኪያ) ወይም ከዚያ በላይ ይደርሳል። ይህ 30 በመቶ ያህል የብርሃን ስህተት ነው። የቁጥሩና የማጣሪያው ባለቤት አንድ መሆኑን ሁሌም አረጋግጡ።

5. አትሙትና በእርሳስ አንብቡት

ሦስቱን ስፔክትረሞች አንዱን ከአንዱ በላይ ደርድራችሁ ሣሉ። ከተቻለ በወረቀት አትሙ። ከዚያ ጉድጓዶቹን በስማቸው ጥሩ።

ከውሃ ጀምሩ። በ1.15፣ በ1.4 እና በ1.9 ማይክሮን አካባቢ ሦስቱም ላይ ጉድጓድ ታያላችሁ። ወደ ቲ8 ስትሄዱ ይጠልቃል። ቀጥሎ ሜቴንን ፈልጉ። ከ1.6 ማይክሮን ትንሽ አልፎና ከ2.2 ማይክሮን ወዲያ ይቆርጣል። ኤል5 ላይ በዚህ የሞገድ ክልል አይታይም። ቲ2 ላይ መጀመሩን ታያላችሁ። ቲ8 ላይ ከጉብታው ግማሹን በልቶታል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ተቃራኒው ነው። በ2.3 ማይክሮን ላይ ኤል5 ላይ ጥርስ ጥርስ የሚመስል ደረጃ ይሠራል። ቲ8 ላይ ይጠፋል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ካርቦን በሙቅ ቦታ ከኦክስጅን ጋር መሆን ይመርጣል፣ በቀዝቃዛ ቦታ ከሃይድሮጂን ጋር።

በ1.17 እና በ1.25 ማይክሮን የፖታሲየም ጥንድ መስመሮች አሉ። ስበቱ ደካማ የሆነ ወጣት ድንክ ላይ እነዚህ ይደክማሉ። በፕሪዝም ዳታ ላይ ደብዘዝ ብለው ነው የሚታዩት፣ ስለዚህ አሁን ብዙ አትጨነቁባቸው።

ጄምስ ዌብ ላይ ከሆናችሁ 3.3 ማይክሮን ላይ የሜቴንን ትልቅ ጉድጓድ፣ 4.2 ላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድን፣ 4.6 ላይ ካርቦን ሞኖክሳይድን፣ 10.5 ላይ አሞኒያን ፈልጉ።

ዓይናችሁ ያየውን በቁጥር አስሩት። ከ1.635 እስከ 1.675 ማይክሮን ያለውን አማካይ ብርሃን ከ1.56 እስከ 1.60 ላለው አካፍሉ። ይህ የሜቴን መለኪያ ነው። ኤል5 ላይ 1 አካባቢ ይመጣል። ቲ8 ላይ ከ0.2 በታች ይወርዳል። የእናንተ ቁጥር ከዚህ በጣም ከራቀ ወደ ክፍል 4 ተመለሱ።

6. ብርሃኑን ወደ ሙቀት ቀይሩ

የዚህ መመሪያ ልብ ይህ ነው።

ጣርማ በር ላይ ጉም ሲወርድ አስቡ። ጉሙ ወፍራም ከሆነ የምታዩት ፊቱን ብቻ ነው። ሳሳ ሲል ገደሉ ድረስ ታያላችሁ። የቡናማ ድንክ ጋዝም እንዲሁ ነው፣ ግን በአንዱ የሞገድ ርዝመት ወፍራም፣ በሌላው ስስ ነው። ሜቴን አጥብቆ በሚውጥበት ቦታ የምናየው የላይኛውን ቀዝቃዛ አየር ነው። ምንም ጋዝ በማይውጥበት ክፍተት ግን ወደ ታች፣ ወደ ሙቁ እናያለን። ስለዚህ የስፔክትረሙ ጉብታና ጉድጓድ የጥልቀት ካርታ ነው።

ስሌቱ እነሆ። በአንድ የሞገድ ርዝመት ላይ ያለውን ብርሃን ውሰዱ፣ በዋት በካሬ ሜትር በማይክሮን። ርቀቱን ለድንኩ ሬዲየስ አካፍላችሁ ካሬ አድርጉትና በእሱ አባዙ። ውጤቱን ለ3.1416 አካፍሉ። ይህ ከገጹ የሚወጣው ብርሃን ነው። ሬዲየሱን ከየት አመጣን? ሁሉም የጁፒተርን ያህል ናቸው ብለን ነበር። 70,000 ኪሎ ሜትር ውሰዱ።

ቀጥሎ 119,100,000ን ውሰዱ። የሞገድ ርዝመቱን ወደ አምስተኛ ኃይል አንሡና ከገጹ ብርሃን ጋር አባዙት። የመጀመሪያውን ቁጥር ለዚህ አካፍሉ። 1 ደምሩ። ናቹራል ሎጋሪዝሙን ውሰዱ። መጨረሻ ላይ 14,388ን ለሞገድ ርዝመቱ፣ ከዚያም ለሎጋሪዝሙ አካፍሉ። የወጣው ቁጥር በኬልቪን ሙቀት ነው።

ለቱማስ 0415 ልሥራላችሁ። በጄ ባንድ፣ 1.25 ማይክሮን ላይ፣ አማካይ ብርሃኑ 2.2 ሲካፈል ለአንድ ሺህ ትሪሊዮን ያህል ነው። በስሌቱ ሲያልፍ 1,250 ኬልቪን አካባቢ ይሰጣል። በኬ ባንድ፣ 2.2 ማይክሮን ላይ፣ ተመሳሳዩ ስሌት ከ750 እስከ 800 ይሰጣል። በ3.3 ማይክሮን የሜቴን ጉድጓድ ውስጥ ከ600 በታች ይወርዳል።

ቆም ብላችሁ ይህን ተመልከቱ። ያው አንድ አካል ነው። በጽሑፎች ላይ ሙቀቱ 700 ገደማ ተብሎ ይሰጣል። በጄ በኩል ስናይ ግን 1,250 ኬልቪን ወዳለበት ጥልቀት ወርደናል። በሜቴኑ በኩል ስናይ ከላይ ቆመን ቀርተናል። ምንም ሞዴል ሳንጠቀም የከባቢ አየሩ ሙቀት ወደ ታች እንደሚጨምር አየን። እኔ ይህን ግራፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ስሠራ ነው ስፔክትረም ምን እንደሆነ የገባኝ።

ስሌቱን ለሁሉም ነጥቦች በአንድ ዙር አስኪዱ። ሬዲየሱን 10 በመቶ ከፍና ዝቅ አድርጋችሁም ሞክሩ። ሙቀቱ ብዙም አይናወጥም። ስለዚህ በውጤቱ መተማመን ትችላላችሁ።

7. ደመናውን ፈልጉ

አሁን የኤል5ን የሙቀት ግራፍ ከቲ8 ጋር አነጻጽሩ። የቲ8 ከፍና ዝቅ ይላል። የኤል5 ግን ጠፍጠፍ ያለ ነው። ጄ ባንድ ላይ እንደ ቲ8 ወደ ጥልቁ መውረድ አልቻልንም። አንድ ነገር መንገዱን ዘግቷል።

የዘጋው ደመና ነው። የውሃ ደመና አይደለም። በዚያ ሙቀት ከጋዝ ወደ ቅንጣት የሚለወጠው የድንጋይ ማዕድን ነው፣ ማግኒዚየምና ሲሊኮን ያለበት ሲሊኬት፣ ከሱም ጋር ብረት። ደመና ጋዝ እንደሚያደርገው መርጦ አይውጥም፣ በአብዛኛው ሁሉንም የሞገድ ርዝመት ይጋርዳል። የተጋረደው ሙቀት ረጅም በሆነው ሞገድ በኩል ይወጣል። ለዚህ ነው ኤል5 ቀላ የሚለው። የጄና የኬ ባንድ ልዩነቱ 1.5 ማግኒቲዩድ ገደማ ነው። የቱማስ 0415 ግን 0.3 አካባቢ ነው።

በ1,300 ኬልቪን አካባቢ ደመናው ከምናየው ንብርብር በታች ይሰጥማል ወይም ይበጣጠሳል። በዚያ ሽግግር ላይ ያሉ ድንኮች እየቀዘቀዙ ሳለ በጄ ባንድ ላይ ይደምቃሉ። የቀዘቀዘ ነገር ሲደምቅ ማየት ግራ ያጋባል። መጋረጃው ሲከፈት ታች ያለው ሙቅ አየር ስለሚታይ ነው።

የሲሊኬት ደመና ቀጥተኛ አሻራ ያለው ከ8 እስከ 11 ማይክሮን ነው። ስፒትዘር የተባለው የጠፈር ቴሌስኮፕ አይቶታል፣ ሚሪ ደግሞ በጥራት ያየዋል። ስለ ደመና በእርግጠኝነት መናገር ከፈለጋችሁ ይህን ክልል ሳታዩ አትናገሩ። ያላችሁ በአጭሩ ኢንፍራሬድ፣ እንደ ስፔክስ፣ የተወሰደ ዳታ ብቻ ከሆነ መቅላቱን ግለጹ፣ ደመና ሊሆን እንደሚችልም ጻፉ። እዚያ ላይ አቁሙ።

8. አሁን ሞዴል

ሶኖራ የሚባሉ የሞዴል ስብስቦች ክፍት ናቸው። ሶኖራ ቦብካት ደመና የለውም። ሶኖራ ዳይመንድባክ ደመና አለው። ሶኖራ ኤልፍ አውል ደግሞ ጋዞች ወደ ላይና ወደ ታች ሲቀላቀሉ የሚመጣውን የኬሚስትሪ ለውጥ ይጨምራል። በቦብካት ጀምሩ። የት ቦታ እንደሚሳሳት ማየት ነው የምንፈልገው።

ሞዴሉን ከዳታው ጋር ስታዛምዱ አንድ ማባዣ ቁጥር ይወጣል። ይህ ቁጥር የሬዲየሱና የርቀቱ ንጽጽር ካሬ ነው። ርቀቱን ስለምታውቁ ሬዲየሱን አውጡ። ከጁፒተር 0.8 እስከ 1.2 እጥፍ ከሆነ ቀጥሉ። 0.5 ከሆነ ሞዴሉ ሙቀቱን ከልክ በላይ አድርጎታል። ግራፉ የቱንም ያህል ቢያምር አትቀበሉት።

ሬዲየሱ ከመጠን በላይ ከሆነ ደግሞ መንታ ጠርጥሩ። ግሊዝ 229ቢ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ክብደቱ ከጁፒተር 70 እጥፍ ያህል ሆኖ ተለካ። ብርሃኑ ግን ለዚያ ክብደት ደካማ ነበር። ሞዴሎቹ ለዓመታት አልታረቁም። በ2024 በእርግጥ ሁለት ድንኮች መሆናቸው ታወቀ። 38 እና 34 የጁፒተር ክብደት አላቸው፣ በ12 ቀን አንዴ እርስ በርስ ይዞራሉ። ችግሩ ያለው ከሞዴሉ ሳይሆን አንድ ነው ብሎ ከመነሳት ነበር።

ከዚያ ልዩነቱን ሣሉ፣ ዳታው ሲቀነስ ሞዴሉ። ዋናው ትምህርት ያለው እዚህ ነው። ልዩነቱ በዘፈቀደ ከተበተነ ጥሩ። በአንድ ጋዝ ጉድጓድ ላይ ከተከማቸ ግን ሞዴሉ ያንን ጋዝ አላወቀውም። ለምሳሌ ቲ8 ላይ በ4.6 ማይክሮን ካርቦን ሞኖክሳይድ ከተጠበቀው በላይ ሊታይ ይችላል። በዚያ ቅዝቃዜ ወደ ሜቴን መቀየር ነበረበት። ነገር ግን ከታች ከሙቁ አየር በፍጥነት ስለሚነሳ ለመቀየር ጊዜ አያገኝም። በ1997 ግሊዝ 229ቢ ላይ ይኸው ታይቷል። ያኔ ወደ ኤልፍ አውል ተሸጋገሩ፣ ምክንያት ይዛችሁ።

ከዚህም በላይ መሄድ የሚፈልግ ፔቲትራድትራንስ ወይም ብሩስተር የሚባሉትን ኮዶች ይሞክር። እነዚህ ሙቀቱንና የጋዙን መጠን በየንብርብሩ ከዳታው ያወጣሉ። ጠንካራ ኮምፒውተርና ብዙ ሰዓት ይጠይቃሉ። ክፍል 6ን ሳትሠሩ ግን አትግቡበት። ኮዱ ያወጣውን የሙቀት መስመር የምታመሳክሩት በእጃችሁ ከሠራችሁት ጋር ነው።

9. ጊዜውን ጨምሩ

ደመናው የተበጣጠሰ ከሆነ ድንኩ ሲሽከረከር ብርሃኑ ከፍ ዝቅ ይላል። ቱማስ 2139+0220 የተባለው ቲ1.5 በጄ ባንድ እስከ 26 በመቶ ተለዋውጧል። ከ6.5 የብርሃን ዓመት ብቻ የሚርቁት የሉማን 16 መንትዮችም አሉ። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 28 ዲግሪ ድረስ ከአድማሱ በላይ ይወጣሉ። ከሁለቱ ቢ የሚባለው በ5 ሰዓት ገደማ አንዴ ይሽከረከራል። በ2014 የገጹ ካርታ ታትሟል፣ ብሩህና ደብዛዛ ቦታዎች አሉበት። ጄምስ ዌብም የሁለቱን አየር ጠባይ ለሰዓታት ተከታትሏል።

የጊዜ ዳታ ስታገኙ ቢያንስ ሁለት ሙሉ ዙር የሚሸፍነውን ምረጡ። ከአንድ ዙር ብቻ የተገኘ ከፍታና ዝቅታ ከመሣሪያው መንቀጥቀጥ አይለይም። ከምድር የተለካ ከሆነ በዚያው ምስል ላይ ያሉ ጎረቤት ኮከቦችንም ለኩ። እነሱም አብረው ከተለዋወጡ ነገሩ የእኛ ሰማይ ነው።

ከዚያ ወደ ክፍል 6 ግራፋችሁ ተመለሱ። ከጥልቁ የሚመጣ አንድ የሞገድ ርዝመትና ከላይኛው አየር የሚመጣ ሌላ ምረጡ። የሁለቱን ብርሃን ከሰዓቱ ጋር በአንድ ወረቀት ላይ ሣሉ። ጫፎቻቸው በአንድ ሰዓት ከተገጣጠሙ አንድ ደመና ሁለቱንም ጥልቀት እየነካ ነው። አንዱ ሲወጣ ሌላው ከወረደ ግን የታችኛውና የላይኛው ንብርብር የየራሳቸው አየር ጠባይ አላቸው።